ለአፍንጫ አራት እጅ

«አንድ ዓይን ብቻ ነው እኮ ያላት፣ ጌታዬ። ምን ላድርጋት? የእናቴ ልጅ ናት፤ አውጥቼ አልጥላት።»

አላሚዋ ይህን የሰማችው በስቱዲዮው ጓዳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ፣ ከአንዲት ተመራቂ አገጭ ላይ ብጉር እያጠፋች ሳለች ነው። ጓዳውን ከፊተኛው ክፍል የሚለየው አንድ ቀጭን ኮምፖንሳቶና አንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ወዲያ ማዶ የሚባለው ሁሉ፣ የዋጋ ክርክሩም፣ የሕፃናት ለቅሶውም፣ «እስቲ ትንሽ ፈገግ» የሚለው ልመናም ሳይጎድል ይደርሳታል። ተናጋሪው ታላቅ ወንድሟ፣ የስቱዲዮው ባለቤት ነው። አድማጩ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ልጁን የዳረ አዛውንት ነበር፤ ከረባቱን እስከ ጉሮሮው አጥብቆ፣ የናሙና ፎቶዎቹን በካኪ ፖስታ ይዞ የመጣ። ቀለበት ሲደረግ የተነሱት ሰባቱም ፎቶዎች ተበላሽተዋል። ሙሽሮቹ ጉም የሸፈናቸው ይመስላሉ፤ ከኋላቸው ቆሞ የሚያዛጋው ሚዜ ግን የመንጋጋ ጥርሱ ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። አዛውንቱ ከገባ ጀምሮ የሚያነሳው ያንኑ ሚዜ ነው። «ይህን ከብት ነው እንዴ የዳርኩት?» ይላል፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ እየጣለ።

ቀለበቱን ያነሳው ወንድሟ ነው። እሷ በዚያች ሰዓት አዳራሹ ጓሮ የሙሽራዋን አክስቶች በቁመት ስትደረድር ነበር። ማስረጃ ካስፈለገ ማስረጃው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ እያንዳንዱ ፎቶ የትኛው ካሜራ እንዳነሳው ቁጥሩን ይዞ ነው የሚመጣው። ይህን ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ዘጋችው። ሁሉም በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ባለፈ ነበር። ግን አዛውንቱ ሲወጣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አያት። ቀኝ ዓይኗን፣ ያቺን ነጭ ጠባሳ የተነጠፈባትን፣ ደህና አድርጎ ተመለከታት። «አይዞሽ ልጄ» አላት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ዓይን የጎደለው ሰው ጆሮም የሚጎድለው ይመስል። «ያለውን ያቆይልሽ።» እሷም ሳታስበው «አሜን» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ የከነከናት የወንድሟ ውሸት አልነበረም። ያቺ «አሜን» ናት።

አላሚዋ የሚለውን ስም ያወጡላት የከተማው ፎቶግራፍ አንሺዎች ናቸው፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይኗን ጨፍና የምታነጣጥር ስለምትመስል። በክፋት ይሁን በፍቅር ጠይቃ አታውቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያውን ያሳለፈችው በዚህ ጓዳ ነው፤ መጀመሪያ አባቷ በሕይወት ሳሉ ጨለማው ክፍል ውስጥ ፊልም በማጠብ፣ ኋላ በኮምፒውተር። አባቷ ካሜራ አያስነኳትም ነበር። «ከደረጃ የምትወድቅ ልጅ ካሜራ አይሰጣትም» ይላሉ። ጨለማው ክፍል ግን ፈቅደውላታል። «እዚያ ውስጥ ሁላችንም ዕውር ነን» ብለው ይስቁ ነበር፣ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ካሜራ የያዘችው እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ ሥራው ለወንድሟ ብቻውን ሲበዛበት ነው።

ምሳ ጀርባና ጀርባ ሆነው በሉ፤ እሱ ፊተኛው ክፍል ባንኮኒው ላይ፣ እሷ ጓዳ። ዳቦ በእንቁላል። ዋጋው ጨምሮ እንቁላሉ ቀንሷል። ወትሮ ይህን የመሰለ ነገር በመጋረጃው በኩል ይባባላሉ፣ ያ ነበር ወሬያቸው። ዛሬ ግን ቀረ። ወረቀቱን ጨምድዳ ስትጥል ብቻ ከወዲያ ማዶ «በስምንት ሰዓት እንወጣለን» የሚል ድምፅ መጣ።

የሚሄዱት ለካሜራ ጉዳይ ነው። ከአሥራ አራት ወር በፊት ስቱዲዮው አሮጌዎቹን ካሜራዎች ሸጦ ሁለት መስታወት አልባ ካሜራዎች ገዝቷል፤ የአንዱ ዋጋ የስቱዲዮውን የአንድ ዓመት ኪራይ ያህላል። በድሮው ካሜራ ዓይን የሚያየው ከሌንሱ በመስታወት ተንጸባርቆ የመጣውን እውነተኛ ብርሃን ነበር። በአዲሱ ውስጥ መስታወት የለም፤ በማያ ቀዳዳው የምታየው አንዲት ሚጢጢ ስክሪን ናት፤ በጀርባው ደግሞ ፎከሱን በጣት እየነኩ የሚያስቀምጡበት ሌላ ስክሪን አለ፤ ፎከሱን የትኛው ፊት ላይ እንደሚያደርግ የሚወስነውም በሆዱ የተቀበረ ፈርምዌር የሚሉት ፕሮግራም ነው። ፋብሪካው በየጊዜው ያን ፕሮግራም እያሻሻለ ይልካል። አንሺዎቹም ማሻሻያውን እንደ ደመወዝ ቀን ይጠብቃሉ፤ ሲመጣ ደግሞ እንደ ደመወዝ ያጥርባቸዋል። አሁን የፋብሪካው ወኪል የከተማውን ባለሙያ ጠርቷል፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ምን እንዲጨመር እንደምትመኙ ኑና ንገሩን ብሎ።

አላሚዋ ለዚህ ቀን አሥራ አንድ ወር ተዘጋጅታለች። ካሜራው ያጠፋውን ሁሉ በአንድ ባለመስመር ደብተር ስትጽፍ ነው የቆየችው። «ቅዳሜ፣ አዳራሽ፣ ሻማ። ሙሽራዋን ትቶ ኬኩን መረጠ።» «እሑድ፣ ግቢ፣ ጥላ። ፊቷ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሰው በመሐል አለፈ፣ ከሰውየው ጋር ሄደ።» «ረቡዕ፣ ስቱዲዮ። የጀርባውን ስክሪን ንክኪ አጠፋሁት። ካሜራውን ዘግቼ ስከፍተው እንደገና በርቶ አገኘሁት። ለሦስተኛ ጊዜ።» ከዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ አሥራ አንድ ምኞት አውጥታ በንጹህ ገጽ ገልብጣዋለች።

መኪናው ውስጥ የካሜራ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደተቀመጠች ወንድሟ እጁን ዘረጋ። «ደብተሩን ስጪኝ፣ እኔ አነበዋለሁ። አንቺ ሰው ፊት አይሆንልሽም።»

«እሺ ጋሼ።»

የሚበልጣት በሦስት ዓመት ብቻ ነው። ስቱዲዮውን ከወረሰ ጀምሮ ግን ደንበኛ ፊት ጋሼ እንድትለው አዘዛት፣ ኋላ ደንበኛ በሌለበትም ምላሷ ለመደው። ደብተሩን ሰጠችው። መብራት ላይ ሲቆሙ ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ይሄ ሁሉ ችግር አለበት እንዴ?» አለ። መልስ አልጠበቀም።

አዳራሹ የአንድ ሆቴል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንበሮቹ ነጭ ልብስ ለብሰዋል፣ በየጠረጴዛው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ ፊት ለፊት ትልቅ ስክሪን፣ ከሱም ጋር በገመድ የተያያዘ አንድ ካሜራ አለ። ስልሳ የሚሆኑ አንሺዎች ተቀምጠዋል፤ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ ደንበኛ የተነጣጠቁ፣ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ የሆነ። ወኪሉ ጠጉሩን በቅባት የለጠፈ፣ ፈገግታው የማይታጠፍ ሰው ነው። አጠገቡ ከፋብሪካው የመጣች መሐንዲስ ተቀምጣለች፣ አጭር፣ መነጽር ያደረገች፤ ብዕሯን ከፍታ ትጠብቃለች። ወኪሉ ሲጀምር «ከዚህ ከተማ የሚያልፈው ሦስት ምኞት ብቻ ነው» አለ፤ ሦስት ጣቱንም አሳየ። በዚያች ቃል አዳራሹ ገበያ ሆነ።

ስታዲየም ውስጥ ኳስ የሚያነሳው ቀድሞ ተነሳ። «ጣቴ ከአእምሮዬ ይዘገያል። ከመጫኔ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰኮንድ ይያዝልኝ። እኔ ስደርስ ጎሉ ገብቶ፣ ልጁ ጨፍሮ ጨርሷል።»

«አንተ ጣትህን አሻሽል!» አለ አንዱ ከኋላ።

የጋዜጣው አንሺ ማጥፊያው አዝራር ከማያው አዝራር ጎን መሆኑ ጉድ እንደሠራው ተናገረ፤ የአንድ ከንቲባን ሙሉ ንግግር በአንድ አውራ ጣት እንዳጠፋ። «ሕዝቡን ገላገልከው!» ተባለ። አንድ ፀጉራቸው የሸበተ አንሺ ደግሞ ባትሪውን ከሰሱ። «ስንት እንደቀረው በቁጥር ይንገረን። ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ሲል ቆይቶ ሬሳው እንደሚመጣ ዘመድ ነው የሆነብን።» ሳቁ ግን ደረቅ ነበር። ሁሉም የሌላውን ምኞት የሚያየው በመንገዱ ላይ እንደቆመ ሰው ነው። አንዱ ብድግ ብሎ ሌላው ፋብሪካ ይህን ሁሉ በነጻ እንደሚሰጥና እነዚህ ግን «አዲስ ካሜራ ግዙ» ከማለት ሌላ እንደማያውቁ ሲጮህ፣ ወኪሉ ፈገግታው ሳይታጠፍ «እንግዲያው ሂዱና የሌላውን ግዙ» አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደሚሳደብ አልታወቅ አለ።

ወንድሟ እጁን ያወጣው ትንሽ ረገብ ሲል ነው። ኮቱን ቆልፎ ደብተሩን ገለጠ። «በስቱዲዮዬ ባደረግሁት የአሥራ አንድ ወር ክትትል…» ብሎ ጀመረ። አላሚዋ ጫማዋን ታያለች። «አንደኛ። ብዙ ፊት ባለበት ቦታ እኛ የመረጥነውን ፊት ካሜራው እንዳይለቅ። ሰው በመሐል ቢያልፍም፣ ሻማ ቢበራም፣ ወደ መረጥነው ይመለስ።» አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁሉም በየቤቱ የሚያዛጋ ሚዜ አለበት። መሐንዲሷ ቀና አለች። «ይህ በደንብ የታየ ነው» አለች። «ፊቱን የመረጡት በጣት ነክተው ነው ወይስ ቀድመው መዝግበውት? የሚለቀው በሁለቱም ነው?»

ወንድሟ ደብተሩን አየ። ገጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። «በ… በአጠቃላይ ነው የሚለቀው» አለ። መሐንዲሷ ብዕሯን አስቀመጠች። እሱ ያን ለመሸፈን ቸኩሎ ሁለተኛውን አነበበ፣ አስቀድሞ ሳያየው። «ሁለተኛ። አፍንጫችን የጀርባውን ስክሪን ሲነካው ፎከሱ ይሸሻል። ንክኪውን ብናጠፋውም ካሜራው ተዘግቶ ሲከፈት ይረሳዋል። እንዳይረሳ ይደረግ።»

«አፍንጫ?» አለ የስታዲየሙ አንሺ። «አፍንጫህን አሳጥር!» አዳራሹ አንድ ላይ ፈነዳ። ወኪሉም ሳቀ። በቀኝ ዓይን ለሚያይ ሰው አፍንጫ ከስክሪኑ ውጭ ስለሚሆን ችግሩ እንደማይፈጠር፣ ስለዚህ መፍትሔው ማሻሻያ ሳይሆን በቀኝ ዓይን ማየት እንደሆነ አስረዳ። የወንድሟ ጆሮ ቀላ። ከዚያ እሱም መሳቅ ጀመረ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብሎ። «የኔ አይደለም እባካችሁ! የእህቴ ነው። አንድ ዓይና ናት፣ አትፍረዱባት፤ ለሷ ብዬ ነው ያነበብኩት።» በጣቱም አሳያቸው።

እንዴት እንደተነሳች አታውቀውም። ስልሳው ሰው ዞሮ ሲያያት ወንበሯ መሬቱን ሲፍቅ ሰማች፣ ከዚያ ራሷን ፊት ለፊት አገኘችው። ደብተሩን ከወንድሟ እጅ ወሰደች፤ እሱም ሳያስበው ለቀቀላት። «በሁለቱም ነው የሚለቀው» አለች ለመሐንዲሷ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «የመዘገብኩት ይብሳል። የመዘገብኩት ሰው ፊቱን አዙሮ ሲመለስ አያውቀውም።» ከዚያ ሳይፈቀድላት ያን በገመድ የተያያዘውን ካሜራ አነሳች። ሌንሱን ወኪሉ ላይ አነጣጥራ፣ ፎከሱን የምታሳየውን ትንሽ አራት ማዕዘን ፊቱ ላይ አስቀምጣ፣ አፍንጫዋ የጀርባውን ስክሪን እስኪነካ ካሜራውን ወደ ግራ ዓይኗ አስጠጋች። በትልቁ ስክሪን ላይ ሁሉም አየው። አራት ማዕዘኗ ከወኪሉ ግንባር ተነሳች፣ በጆሮው ጫፍ አለፈች፣ ሄዳም አጠገቡ ያለው የውሃ ጠርሙስ ላይ ቁጭ አለች። ወኪሉ ደበዘዘ። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን እስከ መጨረሻዋ ፊደል ይነበብ ነበር።

አሁን ሳቁ በወኪሉ ላይ ሆነ፤ የማይታጠፈው ፈገግታ ታጠፈ። «ቆይ፣ ቀኝ ዓይንሽን ግን ምን ሆነሽ ነው?» አላት፣ በማይክሮፎኑ።

ለዚህ ጥያቄ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መልስ ነበራት። ከደረጃ ወድቄ ነው። ለትምህርት ቤት ይህን ብላለች፣ ለሐኪም ይህን ብላለች፣ ሊያገባት ፈልጎ ለቀረው ሰውም ይህን ብላለች። አሁንም ልትለው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ወንድሜ ነው» አለች። «ሽቦ ቆልምሞ በላስቲክ ወረወረብኝ። ይሄ አሁን ያሳያችሁ ወንድሜ።»

ይህን አንሺዎቹ ለብዙ ጊዜ ያወሩታል። ወንድሟ ኮቱን እንደቆለፈ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሳና ወጣ፤ በሩ በቀስታ ነው የተዘጋው። እሷ የምትሄድበት ስላልነበራት የቀሩትን ዘጠኝ ምኞቶች አነበበች። በአራተኛው ላይ ድምፅዋ መንቀጥቀጡን ተወ። በሰባተኛው ላይ አንድ ሰው «ድገሚው» ብሎ ጻፈው። ያ ግን ርኅራኄ አልነበረም፤ ድምፅ መስጠት ሲደርስ ሁሉም ወደ የራሱ ተመለሰ። የተመረጠውን ፊት እንዳይለቅ የሚለው በሃምሳ አንድ እጅ አንደኛ ሆኖ አለፈ። የባትሪው ቁጥርና የስታዲየሙ ግማሽ ሰኮንድ ተከተሉት። ለአፍንጫው አራት እጅ ወጣ፤ አንዱ የሷ ነው፣ ሌላው ባትሪውን የከሰሱት የሽበታሙ አንሺ። መሐንዲሷ ወረቀቷን ስትሰበስብ «ለአራት ሰው አይሠሩልሽም» አለቻት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አውቃቸዋለሁ።» ቢያንስ አልዋሸቻትም።

ወኪሉ ያለፈውን ምኞት ሲመዘግብ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «የሚመዘገበው በስቱዲዮው ባለቤት ስም ነው። ማን ልበል?»

የወንድሟን ስም ከነአባቱ ነገረችው። የአባቱ ስም ላይ ሲደርስ አፏ ለአንድ አፍታ ቆመ፤ እሱ የሷም ነው።

እናቷ የደወለችው ደረጃውን ስትወርድ ነው። «ነይ» አለች፣ ዘጋችው። በሁለት ታክሲ ሄደች፤ ስትደርስ ቀኑ እየመሸ፣ የሕንፃው መስኮቶች እየበሩ ነበር። የእናቷ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤት፣ ማቀዝቀዣው ማድ ቤት አልገባ ብሎ ሳሎን የቆመበት። ሶፋው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሳለትም። ወንድሟ ያ ላስቲክ ላይ ጠርዝ ይዞ ተቀምጧል፣ ኮቱን ሳያወልቅ። እናቷ ቆማለች። ማንም «ተቀመጪ» አላላትም። ማቀዝቀዣው ይጮኻል።

«በሰው ፊት» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ስልሳ ሰው ፊት። ቤት የለሽም? እናት የለሽም? እኔ ጋ መጥተሽ ማልቀስ አቃተሽ?»

«እሱስ ዛሬ ጠዋት ያለኝን በሰው ፊት አይደል ያለው?»

«ልጅ ነበረ! ዘጠኝ ዓመቱ ነበር!»

«እኔ ስድስት ነበርኩ።»

ወንድሟ መሬት መሬት እያየ «የድሮ ሬሳ ቆፍራ አውጥታ…» ሲል ጀመረ፤ እናቱ በእጇ ዝም አሰኘችው። ወደ ሴት ልጇ ዞረች። «ምን ፈለግሽ ታዲያ? ተናገሪ። ምን ይሁንልሽ?»

ለካሜራው አሥራ አንድ ምኞት በንጹህ ገጽ ጽፋ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም። ብዙ ነገር ባፏ መጣ፣ ሁሉም ትልቅ ትልቅ ነበር፣ ሁሉም የማይሆን። የቀረላት ትንሿ ናት። «ይደውልላቸው» አለች። «ለሙሽራው አባት። ቀለበቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ ይበላቸው። እዚህ፣ እኔ እየሰማሁ።»

«እብድ ናት» አለ ወንድሟ። እናቷ ግን አየችው፤ ረጅም አየችው። ስልኩን አወጣ። ድምፁን ከፍቶ ላስቲኩ ላይ አስቀመጠው፣ ልክ እንደ ቆሻሻ ዕቃ። ሰውየው አነሳ፤ ከኋላው የቴሌቪዥን ዜና ይሰማል። ወንድሟ በአንድ ትንፋሽ፣ ጥርሱን ነክሶ ነገረው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ።

«ምን አልክ?» አለ አዛውንቱ። «ያቺን ልጅ እኮ ዛሬ ፊቷ ቆሜ አይዞሽ ብያታለሁ። አሜን አለችኝ። አሜን ስትለኝ ዝም ብለህ ታየኛለህ? ፎቶውን ተወው፤ ፎቶ ይበላሻል። እኔን ግን ሽማግሌውን መጫወቻ አደረግኸኝ። ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም። የሚረግጠውንም አስቀራለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

ወንድሟ ተነሳ። ላስቲኩ ከሱሪው ሲላቀቅ ጮኸ። «ጠገብሽ?» አላት፣ ፊቷ ድረስ ተጠግቶ።

«ገና መቅመሴ ነው» አለችው።

በሩን ወርውሮት ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። እናቷ ሶፋው ላይ፣ እሱ በተነሳበት ቦታ ተቀመጠች፤ ድንገት ያረጀች መሰለች፣ ግን ድምፅዋ አላረጀም ነበር። «እሱ ሊናገር ነበር» አለች። «አንቺን ታቅፌ ስወጣ አባቱ ጋ ሮጠ፤ እያለቀሰ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያለ። በሩ ላይ ደርሼ አፉን በእጄ ያዝኩት። እስኪነክሰኝ ድረስ ያዝኩት። ወድቃ ነው ትላለህ አልኩት። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ ይገድለው ነበር።»

አላሚዋ ግድግዳውን ተደግፋ ሰማች። አባቷ «ከደረጃ የምትወድቅ ልጅ» ሲሉ ይህች ሴት እዚያው ገበታ ላይ እየተቀመጠች ሰምታለች፤ አንድ ቀን አይደለም፣ ዓመት በዓመት። «ኋላስ?» አለች። «እሱም አደገ፣ እሳቸውም ደከሙ። ሐኪም ቤት ተኝተው ስቱዲዮውን ሲናዘዙ አጠገባቸው ነበርሽ።»

«ነበርኩ። ልነግራቸው ነበር። ልጅቷስ ብለው ጠየቁኝ። ለሷ ምን ልተውላት አሉ።» እናቷ የሶፋውን ላስቲክ በመዳፏ ታስተካክላለች። «በአንድ ዓይን ምን ልትሠራበት ነው አልኳቸው። ቢያውቁ ኖሮ ለአንቺ ይሰጡ ነበር። እሱ ደግሞ ሌላ ሙያ አልነበረውም።»

የካሜራ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ «እደሩ» አለች፤ አንድ ሰው ብቻ መኖሩን ረስታ ይሁን እንደ እንግዳ አክብራት ራሷም አላወቀችውም። እናቷ አልተከተለቻትም።

ወንድሟ አልሄደም ነበር። ከሕንፃው በር ፊት መኪናው ውስጥ፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል። መስኮቱ ተከፍቷል። ከጎን ስታየው አፉን አየች፤ ያን አፍ፣ ትንሽ ሳለ በእናቱ መዳፍ የታፈነውን። ታስታውሳለህ እንዴ ልትለው አሰበች። ያን ቀን ልትናገር እንደነበር ታስታውሳለህ? ቃሉ እምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ለዚያች አፍታ ጥላቻዋም የት እንደገባ አላወቀችውም። ቀድሟት እሱ ተናገረ።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ምረቃ አለ» አለ፣ ወደ ፊት እያየ። «አራት መቶ ተማሪ። እንዳታረፍጂ።»

ቦርሳውን ከትከሻዋ አውርዳ በመስኮቱ አስገባች፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ካሜራው፣ ሁለት ሌንስ፣ ሦስት ባትሪ» አለችው። «ባትሪዎቹ ሙሉ ናቸው።»

«ምን ማለት ነው ይሄ? ማን ሊያነሳው ነው ታዲያ?»

«አንተ ነሃ» አለችው። «አንተ እኮ ሁለት ዓይን አለህ።»

ከኋላዋ ስሟን ጠራ፤ ቅጽል ስሟን ሳይሆን አባታቸው ያወጡላትን። አልዞረችም። መንገዱን ተሻግራ ታክሲ ከሚጠብቁት ሰዎች መጨረሻ ላይ ተሰለፈች። ከፊቷ አሥራ ሁለት ሰው ነበር።